ልጆቻችሁ ቻፕሊናቸውን ይወቁ

ለአዘጋጁ፣

በአሜሪካ ጦር ስለሚያገለግሉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ደመወዙም፣ የትምህርት ወጪውም፣ ዜግነቱም በደንብ ተነስቷል። ስለ ቻፕሊን ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። እዚያው ሠራዊት ውስጥ ያገለገልኩ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቻፕሊን የሠራዊቱ የሃይማኖት አባት ነው። የመኮንን ማዕረግ አለው፤ ጦር ግን አያዝም፣ መሣሪያም አይዝም። ግዳጅ ላይ የሚጠብቀው የታጠቀ ረዳቱ ነው። እኛ ጦርና ሃይማኖት ሲባል የሚታየን አድዋ ነው፤ የጊዮርጊስ ታቦት፣ ከምኒልክ ጋር የዘመቱት አቡነ ማቴዎስ። የአሜሪካው ይለያል። ባፕቲስቱ ቻፕሊን ሙስሊሙንም፣ አይሁዱንም፣ ምንም የማያምነውንም ማገልገል አለበት። የሌላ እምነት ሥርዓት ምራ አይባልም፤ የሚመራ ሰው የማፈላለግ ግዴታ ግን አለበት።

ወላጆች በተለይ ይህን ልብ በሉ፦ ወታደር በምስጢር የነገረውን ቻፕሊን ያለ ወታደሩ ፈቃድ ለአዛዥም ለማንም አያወጣም። ለሐኪም የተነገረ ግን አዛዥ ጋ የሚደርስበት ሁኔታ አለ። ልጆቻችን ሲከፋቸው «እማዬ ትደነግጣለች» ብለው ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። ያንን ጭንቀት የሚያራግፉበት ሰው እዚያው አላቸው።

ጾምም አለ። በዐቢይ ጾም አብሮኝ ሜዳ የወጣ አንድ ልጅ ሥጋ የሌለበትን ራሽን ይመርጥ ነበር፤ ከፍቶ ሲያየው አይብ አለበት። አይቡን ለጓደኞቹ ሰጥቶ በብስኩትና በኦቾሎኒ ቅቤ ይውላል። ቻፕሊኑ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ትበላለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ቁጭ ብሎም ጥያቄውን አስጽፎት ለአዛዡ አቀረበለት። ወደ ጦር ሰፈሩ ስንመለስ ሩዝና ባቄላ ይቀርብለት ጀመር። ውሳኔው የአዛዡ ነው፤ ቻፕሊን ሲናገር ግን ይሰማል። ልጁ ራሱ አፍ አውጥቶ አልጠየቀም ነበር፤ ይሉኝታችን መቼም!

አንገት ላይ በሚንጠለጠለው የብረት መታወቂያ ሃይማኖት ይጻፋል። ብዙዎቹ ልጆቻችን «ክርስቲያን» ብለው ያልፉታል። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ኦርቶዶክስ ያስብሉ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ የትኛው ካህን እንደሚጠራ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ቻፕሊን ለመሆን የድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርትና የእምነት ተቋም ድጋፍ ያስፈልጋል። እዚህ ተወልደው ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ የተማሩ ዲያቆናት አሉን። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ጋዜጣችሁ አባቶችን ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል።

የቀድሞ ወታደር፣ ከቨርጂኒያ