የክበባት ዘገባ፦ ሰባዎቹ ርግቦች

የባዮሎጂና ኮምፒዩተር ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዞ ከረመ፤ የርግቦችን ብዛት በዕድሜና በቦታ ከፋፍሎ በኮምፒዩተር ማስላት። ዋልያ ይሁን ያሉም ነበሩ፤ ግን ስሜን ተራሮች ወጥቶ የሚቆጥረው ማን ነው? ርግብ ፒያሳም አራት ኪሎም ሞልታለች።

መነሻችን የእንስሳት ብዛት ተመራማሪው ፓትሪክ ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው ማትሪክስ፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥሮች ሠንጠረዥ፣ ነው። ሴቶቹን ብቻ ይቆጥራል፤ በየዕድሜው ስንት እንደሚወለድና ስንቱ ወደሚቀጥለው ዕድሜ እንደሚሻገር ይይዛል። ለተማሪዎቹ ለልምምድ ቀላል ቁጥሮች ሰጠኋቸው። ጫጩት አትወልድም፤ አንድ ዓመት የሞላት አንድ፣ ሁለት ዓመት የሞላት ሁለት ሴት ጫጩት ታደርሳለች፤ በየዓመቱ ግማሹ ይሞታል፤ ሦስት ዓመት የሚሞላት የለችም።

40 ጫጩት፣ 20 የአንድ ዓመት፣ 10 የሁለት ዓመት ብለን በ70 ስንጀምር ዓመት በመጣ ቁጥር 70 ናቸው። ሰባውንም ጫጩት ስናደርጋቸው ግን በዓመቱ 35 ይሆኑና ወጣ ገባ ብለው 49 ላይ ይረጋሉ። ሁሉም የአንድ ዓመት ከሆኑ ደግሞ መጨረሻቸው 98 ነው። የ49 እጥፍ የሆነው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሌሎቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲሯሯጡ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ «ቲቸር፣ ከጫጩቶቹ ግማሹ እኮ እዚያ ዕድሜ ሳይደርስ ያልቃል» አለች። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን መልስ ነው። አሁን የአንድ እንስሳ ቁጥር በዜና ሲነገር ልጆቹ «ስንቱ ግልገል ነው?» ይላሉ።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ለቦታ ዋለ። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን ካርታ በካሬ ከፋፈልነው፤ እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ሦስት ዕድሜ አለው፣ ከወጣቶቹም ጥቂቱ በየዓመቱ ወደ ጎረቤት ካሬ ይበርራሉ። ፕሮግራሙ ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ተጻፈ። ጭቅጭቅ ያስነሣው የካርታው ጫፍ ነው፦ ከመጨረሻው ካሬ የወጣች ርግብ የት ትግባ? ጠፋች ካልን፣ ልደትና ሞቱ ሳይለወጥ መንጋው ቀስ በቀስ ያልቃል። ጫፉ ይመልሳት ካልን 70ው ይጸናል። ተመራማሪው ጆን ስኬላም እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳሳየው፣ መባዛት የሚችል መንጋ እንኳ መኖሪያው ከተወሰነ ስፋት ካነሰ በጫፉ የሚያጣው በልደት ከሚያገኘው ይበልጥና ይጠፋል። በዚያው ጽሑፍ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፕራግ አካባቢ የተስፋፋችውን መስክራት የምትባል አይጥ መሰል የውኃ ዳር እንስሳ ተከታትሏል፤ የያዘችው መሬት ስፋት ስኩዌር ሩት (በራሱ ሲባዛ ስፋቱን የሚሰጠው ቁጥር) ከዓመታት አንጻር በግራፍ ሲነደፍ ቀጥታ መስመር ይወጣዋል። እኛም ልደቱን ከፍ አድርገን ከአንድ ካሬ ስናስጀምር፣ ጫፉን እስኪነካ ድረስ ወደዚያ የተጠጋ መስመር አገኘን።

መስክ ወጥቶ መቁጠሩ ብዙም አልሆነልንም። ጫጩቷ ጎጆዋ ውስጥ ናት፤ የአንድና የሁለት ዓመቷን ከሩቅ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከላይ ያሉት ቁጥሮች የልምምድ እንጂ የፒያሳ ርግቦች አይደሉም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማትሪክሱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በእጅ ይባዛል፤ እውነቱን ለመናገር በደንብ የገባቸው ያኔ ነው።

የመጪው ዓመት ምዝገባ ለ9ኛ ክፍልም ክፍት ነው። ፓይተን ማወቅ ግዴታ አይደለም።