ሁለተኛዋን መንኮራኩር አታጣጥሏት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጠፈርተኞችን ወደ ምሕዋር ስለሚያመላልሱት የግል ኩባንያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አብዛኛው ተመችቶኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተግባባንም። ጸሐፊያችሁ ናሳ ለቦይንግ የከፈለውን ቢሊዮን ዶላር ውኃ በልቶታል፣ ከመጀመሪያው ስፔስኤክስን ብቻ ይዞ ቢሆን ይበቃው ነበር የሚል ነገር ጣል አድርገው አልፈዋል። ይህን አባባል ሌላ ቦታም በየጊዜው እሰማዋለሁ። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው የማስበው። ሁለት መያዝ ትክክል እንደነበር ያሳየችን ራሷ የተበላሸችው የቦይንግ መንኮራኩር ስታርላይነር ናት።

(ዓመትና ወሩን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ ራሴም ይምታታብኛል።)

እስቲ ወደ 2014 እንመለስ። ሴፕቴምበር 16 ቀን ናሳ ሁለት ውል ሰጠ። ለቦይንግ 4.2 ቢሊዮን፣ ለስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር። ሥራው አንድ ነው፣ ሰው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ማድረስና መመለስ። ብሩን ልብ በሉልኝ፣ ብዙውን የወሰደው አንጋፋው ነው። ስፔስኤክስ ያኔ ዕቃ እንጂ ሰው አሳፍሮ አያውቅም። በዚያ ቀን አንዱን ብቻ ምረጡ ቢባል ማን ይመረጥ ነበር? በኔ ግምት ቦይንግ። ሩጫው ካለቀ በኋላ አሸናፊውን ማን ያጣዋል? ቦይንግ ብቻውን ተይዞ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ እስከ ዛሬ የሩሲያውን መንኮራኩር፣ የሶዩዝን፣ ወንበር እየገዛች በነበረ።

የሶዩዝን ነገር ደግሞ ጸሐፊያችሁ በአንድ መስመር ነው ያለፉት። ስፔስ ሸትል ከሚባሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች የመጨረሻዋ አትላንቲስ በጁላይ 2011 አረፈች። ከዚያ ወዲያ ለዘጠኝ ዓመት ገደማ ወደ ጣቢያው ሰው የሚወስድ ሶዩዝ ብቻ ነበር። ገበያው ውስጥ ብቻውን የቀረ ሻጭ ዋጋ እንዴት እንደሚቆርጥ ታውቃላችሁ፣ የአንድ ወንበር ዋጋ እየወጣ እየወጣ በ2020 ዘጠና ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ዋጋውስ ይሁን። ኦክቶበር 11፣ 2018 ጠፈርተኞቹ አሌክሲ ኦቭቺኒንና ኒክ ሄግ የተሳፈሩበት የሶዩዝ ሮኬት ሁለት ደቂቃ ገደማ እንደበረረ ተበላሸ። ጎንና ጎን ከታሰሩት አራት ማስወንጨፊያዎች አንዱ በትክክል ሳይላቀቅ ቀርቶ ዋናውን አካል መታው። እነሱ ያሉባት ካፕሱል ተስፈንጥራ ወጣችና ሁለቱ በሕይወት ካዛክስታን ሜዳ ላይ አረፉ። ምክንያቱ ተጣርቶ ቀጣዮቹ ተጓዦች እስኪነሱ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ጣቢያው ሰው ሊያደርስ የሚችል ሌላ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚባለው ለዚህ ነው። ሄግን ግን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

አሁን የምትመሰገነው የስፔስኤክስ መንኮራኩር ድራጎንም ብትሆን እንደ ወሬው ያለ እንከን የመጣች አይደለችም። በማርች 2019 ሰው ሳትይዝ ጣቢያው ደርሳ በሰላም የተመለሰችው ያቺው ካፕሱል፣ በኤፕሪል 20 ምድር ላይ ስትፈተሽ ፈንድታ ብትንትኗ ወጣ። ነገሩ የአንዲት ቫልቭ ጣጣ ነው። ማቃጠያው ኬሚካል በቫልቯ ሾልኮ ነዳጁን የሚገፋው ሂሊየም ጋዝ የሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ያ ፈሳሽ እንደ ጥይት ተወረወረና የቲታኒየሟን ቫልቭ መታት፣ ቫልቯም ተቀጣጠለች። ደግነቱ ውስጧ ማንም አልነበረም። ጥፋቱ ተገኝቶ፣ ቫልቮቹ በሌላ መዝጊያ ተተክተው፣ በዓመቱ ሜይ 30፣ 2020 ደግ ሀርሊና ቦብ ቤንከን ተሳፍረው ወጡ። ሀርሊ እንግዲህ በ2011 የመጨረሻዋን ሸትል ካበረሩት አንዱ ነው፣ ያኔ ጣቢያው ላይ የተተወችውን የአሜሪካ ባንዲራ ራሱ ሄዶ አመጣት። ይህቺን ታሪክ ሁሌም እወዳታለሁ።

በዚያች የፍንዳታ ሰሞን ሁሉም ሰው ስፔስኤክስ አለቀለት፣ ቦይንግ ቀድሞት ይወጣል ይል ነበር። ወሩን እየቆጠርን ስንጠብቅ ዲሴምበር 2019 መጣ። ስታርላይነር ሰው ሳትይዝ ተወነጨፈች፣ ግን ሰዓቷ 11 ሰዓት ያህል ተሳስቷል! ሰዓቱን ከሮኬቱ ስትወስድ ያለጊዜው ነው የወሰደችው። በዚህ የተነሳ ገና መንገድ ላይ ሳለች ሌላ ቦታ የደረሰች መስሏት ነዳጇን በከንቱ አቃጠለች፣ ጣቢያውን ሳታይ ተመለሰች። ከዚያ በፊት በኖቬምበር በተደረገ ሙከራ ከሦስት ፓራሹት አንዱ አልተከፈተም ነበር፣ አንዲት ፒን በቦታዋ ስላልገባች። በ2021 ደግሞ 13 ቫልቮች ተጣብቀው እምቢ አሉ። ጉድ ነው መቼም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጁን 5፣ 2024 ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊልያምስ ተሳፈሩባት። የታሰበው ለስምንት ቀን ያህል ነው። ሂሊየም ማፍሰስ ጀመረች፣ ጣቢያው ጋ ልትደርስ ስትልም ከ28 ትንንሽ መግፊያ ሞተሮቿ አምስቱ ቀጥ አሉ። አብዛኞቹ በኋላ ተመልሰው ሠሩ፣ ግን ስትመለስ እንደማይደግማቸው እርግጠኛ መሆን አልተቻለም። ናሳ ወራት ሲመረምር ቆይቶ ባዶዋን ትመለስ አለ። ሴፕቴምበር ላይ ባዶዋን ተመለሰች፣ በሰላም። ብዙ ሰው ይህን ይዞ ታዲያ ለምን አላሳፈሯቸውም ይላል። በሰላም መግባቷ የታወቀው ከገባች በኋላ ነው።

አሁን ሄግ ይመጣል። አራት ሰው ልትወስድ የነበረችው ቀጣይ ድራጎን ሁለት ሰው ወርዶላት፣ ሁለት ወንበር ባዶ ይዛ ወጣች። ከተሳፈሩት አንዱ ኒክ ሄግ ነው፣ ያ በ2018 ከሶዩዝ አደጋ የተረፈው። እነዚያ ሁለት ባዶ ወንበሮች ናቸው ዊልሞርንና ዊልያምስን በማርች 2025 ወደ ቤታቸው ያመጧቸው፣ ከ286 ቀን በኋላ። ለዚህ ነው ጽሑፋችሁ ላይ ያለው "ወጥመድ ውስጥ ገቡ" የሚለው ቃል ያልጣመኝ። ስታርላይነር ሄዳ ይቺ ድራጎን እስክትደርስ ባሉት ሦስት ሳምንታት እንኳ አደጋ ቢመጣ፣ ጣቢያው ላይ ቀድማ ቆማ በነበረችው ሌላ ድራጎን ዕቃ በሚቀመጥበት ወለል ላይ በስፖንጅ ተደግፈው፣ ታስረው እንዲወርዱ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ምቾት የለውም፣ ያወርዳል ግን። ይልቅ የሚያናድደው ሌላ ነገር ነው። የአንዷ መንኮራኩር የጠፈር ልብስ ከሌላዋ ጋር አይገጥምም። ለአንድ ደንበኛ፣ ለአንድ ጣቢያ የሚሠሩ ሁለት ዕቃዎች በልብስ እንኳ አለመግጠማቸው ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ስታርላይነር ጣቢያው ላይ ተገትራ ሳለች፣ በጁላይ 2024፣ ድራጎንን የሚሸከመው ፋልከን 9 ሮኬትም ሳተላይት ይዞ ሲወጣ ላይኛው ክፍሉ ተበላሽቶ ለሁለት ሳምንት ገደማ ከበረራ ታግዶ ነበር። ያኔ ሦስተኛው ሶዩዝ ነው የሚበረው። ማለትም ሁለት ራሱ አንዳንዴ አይበቃም።

የገንዘቡን ጉዳይ ልዝጋው። ውሉ በቁርጥ ዋጋ ነው። በድሮው አሠራር ኩባንያው በዘገየ ቁጥር ወጪው ላይ ትርፍ ተጨምሮ ይከፈለዋል። በዚህኛው ከቁርጡ በላይ የወጣውን ራሱ ይችላል። ቦይንግ እስካሁን በስታርላይነር ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል፣ ያ የባለአክሲዮኖቹ ዕዳ ነው። ናሳ ግን ንጹሕ ነው አልልም። የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ለቦይንግ ከቁርጡ ዋጋ በላይ 287 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሮለታል ብሏል፣ የአንድ ወንበር ዋጋንም ቦይንግ ላይ 90፣ ስፔስኤክስ ላይ 55 ሚሊዮን አድርጎ አስልቶታል። በዚህ ቢወቀሱ አብሬ እወቅሳለሁ።

በ2025 መጨረሻ ናሳ የቦይንግን ውል ከስድስት በረራ ወደ አራት ዝቅ አደረገው፣ ቀጣዩም ዕቃ እንጂ ሰው የማይዝ ነው። ጣቢያው ራሱ በ2030 አካባቢ ሥራው ስለሚያበቃ ከዚህ በኋላ ስታርላይነር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ዋጋ አለው የሚል ካለ፣ እሱን ክርክር እቀበላለሁ። የማልቀበለው አንድ ይበቃል የሚለውን ነው። በጁን 2025 የስፔስኤክሱ አለቃ ኢሎን መስክ ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ጋር በማኅበራዊ ሚዲያ ሲጣሉ ድራጎንን ከሥራ አስወጣለሁ ብሎ ጻፈ። በሰዓታት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። እነዚያን ሰዓታት ያሳለፈ ናሳ፣ በቀጣይ ለሚሠሩት የግል ጣቢያዎች መመላለሻ ሲዋዋል ከሁለት ባያንስ ምን ይገርማል?

በነገራችን ላይ፣ ፎቶው ሥር ስታርላይነር ባሕር ላይ ስታርፍ ብላችኋል። ባሕር ላይ የምታርፈው ድራጎን ናት። ስታርላይነር በአየር ከረጢት ተደግፋ ደረቅ መሬት ላይ ነው የምታርፈው፣ በ2024ም ኒው ሜክሲኮ በረሃ ነበር ያረፈችው። እባካችሁ አስተካክሉት።

አንባቢያችሁ