እጁን የት ይሰብስብ?

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? መጥፋቱን ሁለታችንም ጠፍተናል፣ ስለዚህ ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር እንተወው። ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራው እንደተለመደው ነው፣ ፀጉሬ ግን ተሰናብቶኛል።

መጨረሻ ላይ የላክልኝን መልእክት ሰሞኑን መልሼ አነበብኩት። «መንግሥት እጁን ቢሰበስብና ሰውን ቢለቀው ድህነት በራሱ ጊዜ ይጠፋል። አዎ ወይም አይደለም በለኝ» ነበር ያልከው። አዎ ወይም አይደለም! አንተማ እንደ ዱሮህ ነህ። በአንድ ቃል አልመልስልህም። ደግሞ ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፣ ግራ እንዳትጋባ።

መጀመሪያ የምንስማማበትን ላንሳ። በ1978 በቻይና አንሁዊ ግዛት፣ ሺያኦጋንግ በምትባል መንደር፣ 18 ገበሬዎች በድብቅ ተሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ያኔ መሬቱ የጋራ ነው፣ ምርቱም የጋራ ነው፣ ብትለፋም ባትለፋም የሚደርስህ ያው ነው። እነሱ ግን መሬቱን በየቤተሰቡ ተከፋፈሉትና ለመንግሥት የሚገባውን ኮታ ካስረከቡ በኋላ የተረፈው ለየራሳቸው እንዲሆን ተስማሙ። እኔን የሚገርመኝ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሌላው ቃል ነው። ከመካከላችን የታሰረ ወይም የተገደለ ቢኖር ልጆቹን 18 ዓመት እስኪሞላቸው እናሳድጋለን ይላል። እስቲ አስበው፣ ሰው ማሳውን እንደ ፍላጎቱ ለማረስ ልጁን አደራ ሰጥቶ ሲነሳ! በሚቀጥለው ዓመት ያመረቱት እህል የቀደሙት በርካታ ዓመታት ተደምረው ካስገኙት የሚስተካከል ሆነ። አፈሩ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ማረሻው ያው። ቤጂንግም ነገሩን ከማፈን ይልቅ ቆይታ በመላ አገሪቱ ፈቀደችው።

በዓለም ባንክ መለኪያ በ1990 ከዓለም ሕዝብ ከሲሶው በላይ በከፋ ድህነት ውስጥ ነበር። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ወደሚሆን ወርዶ ነበር። ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቻይና ናት፣ ህንድም ከ1991 በኋላ ተከትላለች። ህንድ ውስጥ ከዚያ በፊት ፋብሪካ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚያመርት በፈቃዱ ላይ ይጻፍለት ነበር። ከተፈቀደልህ በላይ ማምረት ጥፋት ነው። ገዢው ለስኩተር ዓመታት ወረፋ ይጠብቃል፣ አምራቹ ደግሞ እንዳይጨምር ይከለከላል። እዚህ ላይ አንተ ትክክል ነህ፣ አልከራከርህም።

ግን ነፃነት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ፋብሪካ ያለውን ሰው ነው፣ ይህ ደስ አይለኝም። ሀብታም ለፈቃድ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ዘመድ ይፈልጋል፣ ካልሆነም ኪሱን ይፈትሻል። ደጅ መጥናት የሚገድለው ድሃውን ነው። በ1980ዎቹ የፔሩው የኢኮኖሚ ምሁር ኤርናንዶ ዴ ሶቶና ባልደረቦቹ የአገሪቱ ዋና ከተማ ሊማ ዳርቻ ላይ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት በሕጋዊ መንገድ ለመክፈት ሞከሩ። አስበውበት ነው፣ ምን ያህል እንደሚፈጅ ለማየት። ከቢሮ ቢሮ፣ ከወረፋ ወረፋ፣ ከማህተም ማህተም ሲሉ 289 ቀን ፈጀባቸው። ወጪው ከዝቅተኛው የወር ደመወዝ ሠላሳ አንድ እጥፍ ነበር። እነሱስ ተመራማሪዎች ናቸው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ሰው ያን ሁሉ ቀን ማን እያበላው ነው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» የሚባለው? ስለዚህ ፈቃዱን ትቶ ይሠራል፣ ተደብቆ ይሠራል፣ ተደብቆ ስለሚሠራም ባንክ አያበድረውም፣ ፍርድ ቤት አይሰማውም፣ ትንሽ ከፍ ሲል ይታያልና ማደግም ይፈራል።

ሞሐመድ ቡአዚዚን ታስታውሰዋለህ። ሲዲ ቡዚድ የምትባል የቱኒዚያ ከተማ ውስጥ በጋሪ ፍራፍሬና አትክልት ይሸጥ ነበር። በታኅሣሥ 17 ቀን 2010 ደንብ አስከባሪዎች ሚዛኑን ወሰዱበት። አቤት ለማለት ሄደ፣ የሚሰማው አጣ፣ ከአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ራሱን አቃጠለ። ሕዝቡ ተነሳ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሸሹ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አብዮቱ ነው። እኔ ሚዛኑ ላይ ነው የምቀረው። ያ ሰው ሥራ ስጡኝ አላለም፣ እርዳታም አልጠየቀም። የራሴን ዕቃ መልሱልኝ ነው ያለው።

እሺ፣ አሁን ወደማንስማማበት። አንተ «ትንሽ መንግሥት» ስትል መጠኑን ነው የምትለካው። በመጠን ቢሆን ኖሮ በ1991 የሲያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የሶማሊያ ሕዝብ ባለጸጋ በሆነ ነበር። ማዕከላዊ መንግሥት የለ፣ ፈቃድ ሰጪ የለ። እውነት ለመናገር የስልክ ኩባንያዎች እንደ አሸን ፈልተው በርካሽ ያስደውሉ ነበር፣ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጫኝ መኪናው በየኬላው ለታጣቂ ይከፍላል፣ በ1992ም በ2011ም ረሃብ መጣ። መንግሥት እጁን ሲሰበስብ ሌላ እጅ ተዘረጋ፣ ጠመንጃ የያዘ እጅ።

ሆንግ ኮንግን እንደምትጠቅስብኝ አውቃለሁ። ሁሌም ትጠቅሳታለህ። ልክ ነህ፣ ከ1961 እስከ 1971 ፋይናንሷን የመራው ጆን ካውፐርትዌይት ባለሥልጣናት ኢኮኖሚውን እንዳይነካኩ ሲል ስታቲስቲክስ እንኳ እንዲሰበሰብ አይፈልግም ነበር። ግብሩም ዝቅተኛ ነው። ግን መሬቱ የማን ነው? የመንግሥት፣ ሰው በሊዝ ነው የሚይዘው። ግብሩ ዝቅ ሊል የቻለበት አንዱ ምክንያት ከመሬቱ የሚገኘው ገንዘብ ነው። በ1953 ገና በዓል ላይ ሼክ ኪፕ ሜይ የተባለው የደሳሳ ጎጆ ሰፈር ተቃጥሎ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሜዳ ላይ ሲወድቅ መንግሥት ሕንፃ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው መንግሥት በሠራው ወይም በደጎመው ቤት ነው የሚኖረው። የዓለም ነፃ ገበያ ምሳሌ የምትላት ከተማ ይኸውልህ። በሌላ በኩል ዴንማርክ ግብሯ ከዓመታዊ ምርቷ ከ40 በመቶ በላይ ነው፣ ድርጅት ለመክፈት ግን ማንንም ደጅ አትጠናም።

ስለዚህ እጁን ይሰብስብ ስትለኝ የት ነው የምልህ ለዚህ ነው። ከጋሪው ላይ፣ ከሚዛኑ ላይ፣ ከገበሬው ማሳ ላይ ይሰብስብ። ከፍርድ ቤቱ፣ ከክትባቱና ከትምህርት ቤቱ ላይ ግን አይሰብስብ። ቻይና እኮ በ1978 በሯን ስትከፍት አብዛኛው ወጣቷ ማንበብ ይችል ነበር። ህንድ በዚህ ወደኋላ ቀርታ ነበር፣ ገበያው ሲከፈትም ያልተማረው ሰው ብዙ አልደረሰውም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ በእሱ ላይ እኔም ልቤ አይረጋም። የፖለቲካ ነፃነትስ? የህንዱ የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን ነፃ ፕሬስና ምርጫ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ ተከስቶ አያውቅም ይላል። ከ1959 እስከ 1961 በቻይና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ሲያልቅ የታች ካድሬዎች ምርቱን እያጋነኑ ሪፖርት ያደርጉ ነበር፣ ውሸት ነው ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣም አልነበረም። አንተ ደግሞ ወዲያው «ሲንጋፖርስ?» ትለኛለህ። እውነት ነው፣ ሊ ኩዋን ዩ ጋዜጣውን አጥብቆ ይዞ አገሩን ባለጸጋ አደረገ። የቻይናው ማኦም ጋዜጣውን አጥብቆ ይዞ ነበር። ሁለቱንም በቀላሉ ማውረድ አይቻልም ነበር፣ አንዱ አበለጸገ፣ ሌላው አስራበ። ሕዝቡ የትኛው እንደሚደርሰው ቀድሞ በምን ያውቃል? ይህንን መልስልኝ፣ ደግሞ እንደገና ዓመት አታስጠብቀኝ።

ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ