ለመስቀል ሀገር ቤት የገቡት ልጆች
የሀገርህን እወቅ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ክፍላችን ይሳሳል። ትምህርት ገና ከመጀመሩ ሰባት ስምንት ልጆች ድንገት ይጠፋሉ። «የት ሄዱ?» ስል «ለመስቀል ሀገር ቤት ገብተዋል» ይሉኛል። እኔም ለዓመታት ስማቸው ላይ «ቀሪ» ብዬ እጽፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ከቀሩት አንዷ የክበባችን አባል ነበረች። ስትመለስ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ፈታ ብታሳየን የቀንድ ማንኪያ ነው። አያቷ ክትፎ የሚበሉበት። ጫፉ ከአገልግሎት ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቅቤ ቅቤም ይሸታል።

የክበባችን ዓመት የተጀመረው በዚህ ማንኪያ ነው ብል አላጋነንኩም። በመጀመሪያው ስብሰባ ከፊት አቆምናትና «እስቲ ንገሪን» አልናት። ደወል ተደውሎም የተነሣ ልጅ አልነበረም።

የእሷ ሀገር ቸሃ ነው፤ ወልቂጤን አልፎ፣ እምድብር አካባቢ። ለመስቀል ዝግጅቱ መስከረም ላይ አይጀመርም አለችን። ሴቶቹ በማኅበር ሆነው ቅቤ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ያዋጣሉ። ከተማ ያለውም ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ለዚያች ሳምንት ይገባል። የተጣላ ሰው ካለ በዓሉ ሳይደርስ ሽማግሌ ያስታርቀዋል። ከዚያ ደመራው፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ ክትፎው፣ ኮጮው፣ አይቤው። ደመራ በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገቡን (በ2006 ዓ.ም. ነው) ልጆቹ ከእኔ ሰምተው ያውቁ ነበር። ቅቤው ስንት ወር እንደሚጠራቀም ግን እኔም ከእሷ ነው የሰማሁት።

ስለ ጀፎረ ስታወራ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋው ሰፊ ሣር ሜዳ ነው። መንገድም፣ አደባባይም ነው። ልጅ ይጫወትበታል፣ ሠርግ ያልፍበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ቤተሰቡ አምና ከፒያሳ ለመልሶ ማልማት ተነሥተው አሁን ራቅ ካለ ሰፈር ነው የሚመላለሰው። «ማንም አጥሮ አይወስደውም?» አላት። «ማን ደፍሮ!» አለችው። የጋራ ነው፣ ሽማግሌዎቹ አይፈቅዱም። ልጁ ይህንን ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ዕቅዳችንን ቀየርን። ድሮ የምንጓዘው ግንቦት ላይ ነበር፤ ፈተና ሲቃረብ፣ መሬቱም ደርቆ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ወጣን። ገጠሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። አውቶቡሱ 12 ሰዓት ይመጣል ተብሎ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ስለዚህ አዳዲ ማርያምን እንደምንፈልገው አላየናትም። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለብቻዋ ቀን የሚገባት ነበረች። አዝናለሁ።

መልካ ቁንጥሬ ላይ ግን አልቸኮልንም። አዋሽ ዳር ያለ የጥንት ሰዎች መኖሪያ ቦታ ነው፣ በቡታጅራ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። አቅራቢያው ካለው የባልጪት ቅርስ ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ትምህርት ልንጀምር ስንል ነው፣ ሐምሌ 2016። እዚያ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ዱካ ተገኝቷል፤ የአዋቂም፣ የትንንሽ ልጆችም። መጽሐፍ ላይ ያለ ቁጥር ልጆቼን እምብዛም አይነካቸውም። «እናቱን ተከትሎ የሄደ ሕፃን ሊሆን ይችላል» ስላቸው ግን ወደ እግራቸው አዩ።

ጢያ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። መዘግየታችን እዚህ ላይ ጠቀመን። የዘቅዘቅታ ብርሃን በጎን ሲመታቸው ቅርጾቹ በጥላ ይጎላሉ። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፣ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው። ከሁሉም በላይ ጎራዴ ነው። ቦታው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል፤ ከሥራቸው የተገኙት መቃብሮች ግን ከእሱ ዘመን ይቀድማሉ። አንዱ ልጃችን ድንጋይ አቅፎ ፎቶ ሊነሣ ሲል አስጎብኚው በለሆሳስ «ልጄ፣ መቃብር ነው» አሉት። ወዲያው ተወው። የተቀበሩት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች እንደነበሩ፣ እግራቸውም ወደ ደረታቸው ታጥፎ እንደተቀበሩ አስጎብኚው ሲነግሩን ማንም አላወራም። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን 18 ሊሞላቸው ወራት ነው የቀራቸው። አንዷ በአንዱ ድንጋይ ላይ ያሉትን ጎራዴዎች በጣቷ አየር ላይ እየቆጠረች፣ ሳትነካ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመች። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ይህንን ነው።

ጥምቀትን ጃን ሜዳ አብረን አከበርን። የካቲት ላይ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም በእግራችን ሄደን ጎበኘን። ለመጋቢት 5፣ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል፣ ሶዶ ውስጥ ወዳለው ወደ ምድረ ከብድ ገዳም ልንሄድ አስበን ነበር፤ ከፈተና ጋር ተጋጨ።

ለዚህ ነው አስተዳደሩን አንድ ነገር የምለምነው። የገጠር በዓል የእኛን የትምህርት ካላንደር አይጠብቅም። ቦታን ያለ ወቅቱ ማየት ደግሞ ቤቱን አይቶ ባለቤቱን ሳያገኙ እንደመመለስ ነው። ለመስቀል የሚሄዱት ልጆች ሲመለሱ ያዩትን ጽፈው ያምጡ፣ ለክፍሉም ይንገሩ፤ ስማቸው ላይ «ቀሪ» አይጻፍ። ከተቻለም በሚመጣው መስከረም ክበቡ ራሱ ይሂድ።

የቀንድ ማንኪያው እስካሁን የክበቡ ሣጥን ውስጥ ነው። ልጅቷ ልትመልስ ስትል አያትየው በስልክ «ተይው፣ ለመስቀል ልጆቹ ራሳቸው ይዘውት ይምጡ» ብለዋታል።