መነኮሳቱ የተቀበሉት ሩዝ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኤችአይቪ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ መድኃኒትና ምርመራ ላይ ታተኩራላችሁ። ጥሩ ነው። የታይላንድ የቡድሃ መነኮሳት የሠሩትም ግን ሊነገር ይገባል።

እዚያ መነኮሳት በየማለዳው የምጽዋት ሳህናቸውን ይዘው በባዶ እግራቸው መንደሩን ይዞራሉ። ሰዉም ቤት ያበሰለውን ይሰጣቸዋል። ቫይረሱ ሲስፋፋ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መብላት ፈራ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቺያንግ ማይ ላይ የተጀመረው ሳንጋ ሜታ የተባለ ፕሮጀክት መነኮሳቱን ስለ በሽታው አሠለጠነ። እነሱም ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴት ያበሰለችውን ሩዝ ሰው ሁሉ እያየ ይቀበላሉ፤ ይበሉታልም። መንደሩ የሚያከብራቸው ሰዎች ናቸው እኮ! ቫይረሱ በምግብ እንደማይተላለፍ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? መቶ ፖስተር ቢለጠፍ ይህን ያህል አያሳምንም።

ታማሚ ቤት ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፤ ወላጅ ያጡ ልጆችን ይደግፋሉ፤ ወጣቶችንም ስለ መከላከል ያስተምራሉ። ለመነኩሴ ስለ ወሲብ ማውራት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ድፍረታቸውን አደንቃለሁ።

መገለልን የፈራ ሰው አይመረመርም፣ መድኃኒቱንም ደብቆ ነው የሚውጠው። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ስለነዚህ መነኮሳት ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
ቋሚ አንባቢ