ለተቆረጠው ሁሉ ምክንያቱ ይጻፍ

ለአዘጋጁ፦

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለታገዱት አስፈሪ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው እገዳው ልጆችን ለመጠበቅ ነበር ይላሉ። ልጆችን መጠበቅ ተገቢ ነው። ለዚያ ግን ከ1982 ጀምሮ በሲኒማ ቤቶች «18» የሚለው፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ የማይፈቀድ የዕድሜ ደረጃ ነበር። ዱላው ያረፈው አቅም በሌላቸው ፊልም ሠሪዎች ላይ ነው።

«ዘ ኢቪል ዴድ»ን እንውሰድ። ሳም ሬይሚና ጓደኞቹ ቴኔሲ ውስጥ በአንዲት አሮጌ የጫካ ቤት ቀረጹት። ደሙን የሠሩት ከበቆሎ ሽሮፕና ከምግብ ቀለም ነው። ካሜራውን ጣውላ ላይ አስረው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ይሮጥ ነበር። እንዲህ የተለፋበት ሥራ የብሪታንያ ዐቃቤ ሕግ ሊከሰሱ ይችላሉ ብሎ ባወጣው የቪዲዮ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ብሪታንያ ውስጥ ሳይቆረጥ የወጣው በ2001 ነው! ትልቅ ስቱዲዮ ጠበቃ ቀጥሮ ይከራከራል። ትንሹ ግን ቁረጥ ሲባል ከመቁረጥ በቀር ምን አማራጭ አለው?

ፊልም መርምሮ የዕድሜ ደረጃ ለሚሰጠው አካል የሚከፈል የምርመራ ክፍያም አለ። የሚታሰበው በፊልሙ ርዝመት ነው፤ በጀቱን አያይም።

ስለዚህ መርማሪው አካል ለአነስተኛ በጀት ፊልሞች ክፍያውን ይቀንስ። አንድ ትዕይንት እንዲቆረጥ ሲያዝም ደቂቃውንና ምክንያቱን በጽሑፍ ለሕዝብ ያውጣ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከለንደን