ለጥምቀቱ ዝግጅት፦ ስለ ጉድጓዱና ስለ ቤተሰብ

የተወደዳችሁ የባሕር ዳር ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የአዳዲስ አማኞቻችን ጥምቀት ጣና ዳር አይሆንም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል አለ፤ ቆዳ በስቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ግቢ ውስጥ ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1፣ ጥልቀቱ 1.20 ሜትር እንቆፍራለን። ጠጠርና ሥር ካልተለቀመ ውስጡ የሚነጠፈው ሸራ ይቀደድና ውኃው ሌሊቱን ሰርጎ ያልቃል፤ ድርብ አድርጉት። ለ90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውኃ ባለ 200 ሊትር 9 በርሜል ይበቃል። ነጭ ልብስ ሲረጥብ ገላ ያሳያል፤ ጠቆር ያለ ይለበስ። ተጠማቂው ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ጉልበቱን ይጠፍ፤ ደርቆ ከቆመ ለአጥማቂው ይከብዳል።

ከጉድጓዱ ይልቅ የሚያስቸግረው ቤተሰብ ነው። የብዙዎቹ ተጠማቂዎች ወላጆች ኦርቶዶክስ ናቸው፤ «በ40 ቀንህ ተጠምቀህ የለም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ወሬውን ከገበያ ከሰሙት ደግሞ ቅያሜው አይበርድም። ስለዚህ ተጠማቂው ራሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ሄዶ ይንገራቸው። ሽማግሌ አይላክ፤ ጠብ ያለ ያስመስላል። ጾም ከሆነ ለሚመጡት ወላጆች ሽሮና ምስሩ ለብቻው ድስት ይሠራ፤ ቅቤ የነካ ጭልፋ እንዳይገባበት። አባት ቀርተው እናት ብቻ ቢመጡ «እሳቸውስ?» ብላችሁ አትጠይቁ።

ጉድጓዱ በዚያው ቀን ይደፈን፤ ሕፃናት አሉ። አካፋና ዶማ ያላችሁ ዓርብ ከሰዓት ይዛችሁ ኑ።